ታናሽ ይቀድማል

ሜልከርን የሰደበው አጎቱ ስቱሬ ነው። ጊዜው አምና፣ የሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ፤ ቦታው ዩ የምትባለው ከተማ ወደብ፣ ዋናተኞች የሚዘሉበት የእንጨት ድልድይ ጫፍ። አይስክሬም ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«አንተን ሐይቅ ምን አመጣህ? ላንተ የሚሆንህ ለብ ያለ ገንዳ ነው!»

ሰልፉ ሳቀ። እናቷ ትከሻ ላይ የነበረች ሕፃን እንኳ ሰው ስለሳቀ ሳቀች። ሜልከር የሕፃኗን ኮፍያ ሳይቀር ያስታውሰዋል። ቢጫ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ገንዳ ሆኖ ቀረ። በገና ገንዳ፣ በፋሲካ ገንዳ። አስራ አምስት ዓመት ሲሞላው የአጎቱ ልጅ ቲራ ኬኩ ላይ በክሬም ገንዳ ስላበት መጣች። ከነቧንቧው።

አሁን ዓመት ዞሮ እዚያው መኪና፣ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ከማቀዝቀዣው ሳጥን ጋር እየተጋጨ። የቬተርንን ሐይቅ በዓመት አንዴ መዞር የስቱሬ ቤት ደንብ ነው። በጠዋት ከሚኖሩባት ከግሬና ተነስተው፣ ሐይቁን በግራ እያዩ፣ በየከተማው ቆመው ይዋኛሉ። ዩ የመጨረሻዋ ናት። በደንቡ ውስጥ ደግሞ ሌላ ደንብ አለ፤ ውሃ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ታናሹ ነው፣ መጨረሻ ትልቁ ሰው። ታናሹ ካልገባ ማንም አይገባም። ልጆች እንዳይለግሙ ብሎ ስቱሬ ራሱ ያወጣው ሕግ ነው። ስቱሬ ከሐኪም ይጣላል፣ ከሚስቱ ይጣላል፣ ከራሱ ደንብ ግን አይጣላም። አምና ታናሹ ሜልከር ዩ ላይ አልዘልም ሲል፣ ስቱሬ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አቋርጦት የማያውቀው ዙር ጎደለበት። ይህን ይቅር አላለም።

ሜልከርም ይቅር አላለም። ብርዱን ወራት በሙሉ፣ እሑድ እሑድ፣ ከጎረቤታቸው ጋር እየሄደ በረዶ ተቆርጦ በተከፈተ ቀዳዳ ውስጥ ሲነከር ከርሟል። የመጀመሪያ ቀን አልቅሷል። በኋላ እስከ አንገቱ ገብቶ፣ ረጋ ብሎ መተንፈስ ቻለ። ለማንም አልተናገረም። ዛሬ ዩ ላይ ያዩታል።

ዩ ከተደረሰ ነው እንግዲህ።

«ያሮጌ ዕቃ ሽያጭ የሚል ሰሌዳ አየሁ» አለ ስቱሬ መሪውን ወደ ዳር እየጠመዘዘ።

«ደግሞ?» አለች ቲራ። «አባዬ፣ አሁን ከአንዱ ወጣን እኮ!»

«የጠረጴዛ መብራት ይኖራል።»

«ቤት ያለው መብራት አውሮፕላን ያሳርፋል!»

መብራት አልነበረም። ስቱሬ ግን ባዶ እጁን አይመለስም፤ አንድ ጆሮዋ የተሰበረ የሸክላ አሳማ ገዝቶ መጣና ሜልከር ጭን ላይ አስቀመጣት።

«ያዛት፤ እንዳትሰበር።»

«ተሰብራለች እኮ።»

«የባሰ እንዳትሰበር!»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው የሚጓዙት። ግሬና ላይ፣ ገና ከመነሳታቸው፣ ቀይና ነጭ ከረሜላ ሲገዛ ተቆመ፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚሸጥ ከረሜላ! ሙታላ ላይ አንድ የድሮ ጓደኛውን አገኘና ስለ ጀልባ ሞተር ሲያወሩ የሜልከር መቀመጫ ደነዘዘ። አስኬርሱንድ ላይ ከቴርሞስ ቡና ተጠጣ። ካርልስቦሪ ላይ እንደገና ተጠጣ፤ ምክንያቱም አስኬርሱንድ የተጠጣው «እየተጣደፍን ስለሆነ አይቆጠርም»። ሜልከር አሳማዋን እንደታቀፈ ጥርሱን ነከሰ።

ከሁሉ ደህና የነበረው የጠዋቱ ቫድስቴና ነው። ቀኑን ሙሉ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ማዕበሉን ወደ እነሱ እየገፋ ያመጣው ነበር፤ ውሃውም የገላ መታጠቢያ ያህል ይሞቃል። ስቱሬ ግን ገና ሸሚዙን ሲያወልቅ ሚስቱ ኢርማ ጠጋ አለችው።

«ሐኪሙ ያለህን አትርሳ፣ ስቱሬ። ሞቅ ካለ ብቻ ነው።»

በሚያዝያ ልቡ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የደም ሥሩን አንድ ቀጭን ቱቦ ከፍቶ ይዞታል። ቤት ውስጥ ይህ ወሬ አይነሳም። ከውሃው ሲመለሱ ስቱሬ የማቀዝቀዣውን ሳጥንና ወንበሮቹን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ እስከ መኪናው ወሰደ። ስቱሬን አታድርግ ማለት አድርግ ማለት ነው።

ዩ ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ኢርማ አይስክሬሙ ሰልፍ ውስጥ ገባች። ሌሎቹ ወደ ድልድዩ ሄዱ። እዚህ ነፋሱ ከጀርባ፣ ከከተማው በኩል ስለሚመጣ ሐይቁ ማዕበል የለውም፤ እንደ መስታወት ተኝቷል። መግቢያው ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ «ውሃ፦ 19» ይላል።

«አስራ ዘጠኝ!» አለ ስቱሬ። «ገንዳ ማለት ይቻላል። ደስ አይልህም፣ ገንዳ?»

ሜልከር ቁምጣውን ብቻ ለብሶ እስከ ጫፉ ሄደ። ድልድዩ ላይ የተቀመጠው ሰው የተጨሰ ዓሣ ይበላል፣ ያወራል። የሁሉም ፀጉር ደረቅ ነው። ይህ ከነከነው። በገመድ ታስሮ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለውን ቴርሞሜትር ሳበና አየው።

ሰባት።

ሰሌዳው ላይ ያለው የትናንት ነው ማለት ነው። ነፋሱ የላይ የላዩን ሙቅ ውሃ ጠርጎ ወደ ማዶ ወስዶታል፤ በጠዋት ቫድስቴና ላይ የተንቦራጨቁበት እሱ ነው። እዚህ የቀረው ከታች፣ ከጥልቁ የወጣው ነው።

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ሰባት! እሱ ከበረዶ ሥር የገባ ልጅ ነው። ዘልሎ፣ እስከ አንገቱ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ እየተነፈሰ «ኑ እንጂ» ይላቸዋል። ያ ሰልፍ ሁሉ ያየዋል። ገንዳ የሚባል ስም እዚያው ይሰምጣል።

ዞር አለ። ቲራ የእግሯን ጣት ነክራ «ውይ!» ብላ ታወጣለች፤ እሷ ግድ የላትም። ከኋላዋ ግን ስቱሬ ሸሚዙን አውልቆ ቆሟል፤ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ። ልጅ ዘልሎ እሱ ሊቀር? ጎረቤታቸው በየእሑዱ የምትለው ነገር ሜልከርን ትዝ አለው። «ብርድ መጀመሪያ የሚወስደው ትንፋሽህን ነው። ልቡ የደከመ ሰው ከኛ ጋር አይመጣም።»

«አጎቴ» አለ። «ቴርሞሜትሩ ሰባት ይላል።»

«ሰሌዳው አስራ ዘጠኝ ይላል።»

«የትናንት ነው። ና ራስህ እየው።»

«ሰባትስ ቢሆን?» ስቱሬ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሰልፉ እንዲሰማ። «ሰባት ለገንዳ ነው የሚከብደው! እኔ በሰባት ዲግሪ ጥርሴን የምፋቅ ሰው ነኝ! ዝለል፤ ተከትዬህ ነው የምመጣው።»

ሰዎች መዞር ጀመሩ። አሁን ስለ ልቡ አንዲት ቃል በሰው ፊት ቢያነሳ፣ ስቱሬ ከነሱሪው ነው የሚዘለው። ኢርማን ቢጠራም ያው ነው። ሜልከር ውሃውን አየ። ጥርት ያለ ነው፤ ታች ያለው ድንጋይ ሁሉ ይታያል። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ውሃ አንድ እርምጃ ቀርቶታል።

ጎንበስ ብሎ ፎጣውን አነሳ። ትከሻው ላይ ጣለው። ከዚያ ሸሚዙን ለበሰ፤ ከላይ እስከ ታች ቆለፈው።

«ምን ልትሆን ነው?» አለች ቲራ።

«ኧረ ተመልከቱልኝ!» ስቱሬ እጁን ዘርግቶ ሰውን ምስክር ጠራ። «አምናም ዘንድሮም! ከሐይቁ ዳር ተወልዶ ውሃ የሚፈራ ልጅ! ገንዳ! ወዴት ነው? የኔን ዙር ገደል ከተህ ወዴት ነው?»

ሰልፉ ሳቀ። ሜልከር በአጎቱ አጠገብ አለፈ። ጆሮው ይነድዳል። ጉሮሮው ላይ የመጣ መልስ ነበረ፤ ጥሩ መልስ፣ ስቱሬን ለዓመት የሚያንገበግብ። ዋጠው። ኢርማ አይስክሬም በሁለት እጇ ይዛ አፏን ከፍታ ታየዋለች። አጠገቧ ሲደርስም አልቆመም።

ይጠብቅ የነበረው ከኋላው አንድ ድምፅ ነው፤ የውሃ ድምፅ። ትንፋሹን ይዞ እየተራመደ ጠበቀ።

አልመጣም። የመጣው የስቱሬ ኮቴ ነው፤ እንጨቱን እየደበደበ፣ «የማን ደንብ ሆኖ ነው! የራሴ የተረገመ ደንብ!» እያለ፣ እየተራገመ፣ ደረቁን።

ሜልከር ሳይዞር ወደ መኪናው ሄደ።