ግንዱ ላይ የቆመችው ቀይ መብራት

«እሱ ነው» አለ ኮልተን በሹክሹክታ። «ሳቢው፣ ሳቢው።»

ማሪት የቀስቱን ጅማት እስከ ጉንጯ ሳበች። ከቆሙበት የአደን ማማ ፊት ለፊት፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀንድ አላየችም። ትከሻም አላየችም። ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነበር፤ በጥቅምት መጨረሻ የዊስኮንሲን ጫካ በዚህ ሰዓት ዓይንን ያታልላል።

«ካመለጠሽ ዘንድሮም ባዶ እጅሽን ነሽ» አለ ኮልተን፣ የአጎቷ ልጅ።

ለቀቀችው።

ጅማቱ ሲላቀቅ ፍላጻው ጅራት ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች። ቀይ መስመር ጫካውን ሰንጥቆ ሄደና ቀጥ አለ። መብራቷ የምትገጠመው ፍላጻው የት እንዳረፈ እንድታሳይ ነው፤ አሳየችም። በሰው ደረት ከፍታ ላይ ቆማለች። አጋዘን ቢመታ ኖሮ ይዟት ይሮጥ ነበር። ምንም አልሮጠም።

ከዚያ ሰው ሳለ።

ማሪት ሳሉን ታውቀዋለች። በየማለዳው ከጓዳው ሲወጡ የሚስሉት የአያቷ የአርቪድ ደረቅ ሳል ነው። ሲጨልም መጥቼ እወስዳችኋለሁ ብለው ነበር። ገና አልጨለመም።

ሁለተኛ ሳል ጠበቀች። አልመጣም።

ቀስቱን ማማው ላይ ጥላ መሰላሉን ወረደች። እግሯ አንዱን እርከን ስቶ ክርኗ ተላጠ፤ አልተሰማትም። በቁጥቋጦው ውስጥ እየሮጠች አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፦ ወድቀው ባገኛቸው ምን አደርጋለሁ?

አርቪድ ወደ ማማው በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። ከበስተጀርባቸው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ቀይዋ መብራት የዛፍ ግንድ ላይ ትበራለች። አላዩዋትም።

«እግሬን ሲቀዘቅዘኝ ቀደም ብዬ መጣሁ» አሉ። «ምነው? ድብ ያባረረሽ ትመስያለሽ።»

ኮልተን እያለከለከ ደረሰ። መብራቷን አየ፤ አያቱን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን አፉ ፈጠነ። «ወንድ አጋዘን ነበር አያቴ፤ ቀንዱ ይሄን የሚያህል። ለጥቂት ሳተችው።»

ሽማግሌው ዞር ብለው ፍላጻውን አዩ። ሳቁ። «እዚህ ድረስ መጥቶ ነበራ! እኔ ደንቆሮው በአጠገቤ ሲያልፍ አልሰማሁትም። ግድ የለም ልጄ። ነገ ብቻሽን ትወጪያለሽ፤ ደርሰሻል።»

ይህችን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ማሪት ሁለት ዓመት ለምናለች። ኮልተን በክርኑ ጎሸም አደረጋት፤ በቃ አለቀ፣ ማለቱ ነው።

አርቪድ ፍላጻውን ሊነቅሉ ግንዱን ተደገፉ። መብራቷ ቡናማ ካፖርታቸውን አቀላችው። ማሪት በመብራቷና በትከሻቸው መካከል ያለውን ክፍተት አየች። ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር።

«በርዷታል፣ እንሂድ» አለ ኮልተን።

«አያቴ፣ አይንቀሉት።» ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «አጋዘን አልነበረም። ምን እንደሆነ ሳላይ ነው የለቀቅኩት። የተንቀሳቀሱት እርስዎ ነበሩ።»

አርቪድ ማማውን አዩ። ፍላጻውን አዩ። እጃቸው ከፍላጻው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ወድቆ ወደተጋደመ ግንድ ሄደው ተቀመጡ።

«እሱ ነው፣ ሳቢው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ ኮልተን፣ መሬት መሬቱን እያየ።

አርቪድ ወደ ማሪት ዞሩ። «ቀስቱ የት ነው?» አሉ።

«ማማው ላይ።»

ማሪት ብቻዋን ተመለሰች፤ መሰላሉን ወጣች፤ ቀስቱን ይዛ ወረደች። ስጪኝ ሳይሏት ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችውና አጠገባቸው ተቀመጠች።