ባለጠመንጃዋ ምን ትላለች?

«ፊትሽን ኮስተር አድርጊው እንጂ! ጦር ሜዳ ያለሽ ምሰዪ!» አለ ሬዲዮ፣ ሊቀርጻት ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ የጣውላ ክምር ላይ እንደቆመ።

ጭራሮ ኮስተር አለች። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ለጥፋ፣ ጠመንጃውን ጭምቅ አድርጋ ያዘችና ቃታውን ሳበች። ጥይቷ የዒላማውን ወረቀት ስታ የአሸዋ ጆንያው ጥግ ላይ ተቀበረች። ሬዲዮ ግን «አሪፍ!» አለ። እሱ ያየው ፊቷን እንጂ ዒላማውን አልነበረም።

ለምን እንደሳተች ታውቃለች። ይህ ጠመንጃ መጨመቅ አይወድም። ባሩድ የለው፣ ምን የለው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ወፍራም ሞላ ሲለቀቅ ነው አየሩን ገፍቶ የምስር ፍሬ የምታህለውን ጥይት የሚተፋት። ሞላው ታዲያ መጀመሪያ ወደኋላ፣ ቀጥሎ ወደፊት ይረግጣል። አንቆ የያዘውን ሰው ያሳፍረዋል፤ መዳፉ ላይ ቀስ አድርጎ ላስተኛው ግን ይታዘዛል። ጭራሮ ይህን እስክትደርስበት ስንት ጥይት አፈር በላው!

ሬዲዮ የክፍሏ ልጅና የልብ ጓደኛዋ ነው። ስሙን ያገኘው ወሬው ማጥፊያ ስለሌለው ነው። እሷን ደግሞ ጭራሮ ያሏት ቅጥነቷን አይተው ነው፤ ንፋስ እንዳይወስዳት ኪሷ ውስጥ ድንጋይ ይጨመርላት የሚለውን ቀልድ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለሰማችው ለምዳዋለች። ጠመንጃውን የሰጣት አናጺው አጎቷ ነው፣ አምና። የሚተኩሱትም እሱ ዎርክሾፕ ጓሮ፣ ግንቡ ሥር በተደረደሩት ጆንያዎች ላይ ነው። የአጎቷ ሕግ አጭር ነው፦ መነጽር ሳታደርጊ አትተኩሺ፣ አፈሙዙ ከጆንያው ወዲያ ወዲህ አይልም፣ መንገድ ላይ ደግሞ በጨርቅ ከረጢቱ ይሸፈናል፤ እውነተኛ መስሎት የሚደነግጥ አይጠፋምና።

መምሰሉንስ ቁርጥ የድሮ ወታደር ጠመንጃ! የእንጨት ሰደፍ፣ የቆዳ ማንገቻ፣ የብረት ቀለበቶቹ ሳይቀሩ። ክብደቱም እንደዚያው። ጭራሮ ቅዳሜ ጠዋት ዘይት በነካ ጨርቅ ስታሸው ከዓለም የጎደላት ነገር ያለ አይመስላትም። በጠመንጃዋ ደስተኛ ነበረች፣ አለቀ።

ቪዲዮውን ያዘዙት የስፖርት መምህራቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱ የዒላማ ተኩስ ክበብ ሊከፍት ስለሆነ ከሁለት ዓይነት የአየር ጠመንጃ አንዱን መምረጥ አለባቸው። አንደኛው ልክ የጭራሮ ዓይነቱ ነው። ሌላው መልክ የሚባል ያልፈጠረበት፣ ግን ክብደቱም ሞላውም ቀለል ያለ ነው። «የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ጥሩውንም መጥፎውንም ቀርጸሽ ላኪልኝ፣ በእሱ እወስናለሁ» ነበር ያሏት።

ሬዲዮ ይህን እንደሰማ ሒሳቡን ጨረሰ። ከባዱ ከተመረጠ ሌላው ተማሪ እስኪለምደው ድረስ እሷ ዓመት ሙሉ ተኩሳበታለች። ለትምህርት ቤቶች ውድድር ደግሞ ከክበቡ የሚላከው አንድ ሰው ነው። ማን ይላካል ታዲያ? ጭራሮ «ተው ባክህ» ብትለውም ልቧ ቅቤ ጠጥቷል። ሩጫ ላይ መጨረሻ የምትገባው፣ መረብ ኳስ ላይ ጃኬት ጠባቂ የምትሆነው እሷ፣ አንድ ቀን እንኳ ለአንድ ነገር ተመርጣ አታውቅም።

ስለዚህ ካሜራው ፊት ተቀምጣ አወራች። ስለ እንጨቱ ልስላሴ፣ ስለ ማነጣጠሪያው፣ ቃታው ጣት ላይ ስለሚሰጠው ስሜት ተናገረች። አንዱም ውሸት አልነበረም። በመጨረሻ ሬዲዮ ለትንንሾቹ ተማሪዎችም እንደሚሆን ተናገሪ አላት።

«እሱማ ይሆናል» አለች ሳትጠራጠር። «ቁንጫ ትተኩስበት የለ እንዴ!»

ቁንጫ ታናሽ እህቷ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አንድ ቦታ አትረጋም። ከዎርክሾፑ ተጠርታ ፀጉሯ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ እንደያዘች እየዘለለች መጣች። መነጽሯን አድርጋ በሆዷ ተኛች፤ ጠመንጃው ጆንያ ላይ ስላረፈ ክብደቱ አላስቸገራትም። ተኮሰች። እጇን ዘረጋች፣ ጭራሮ ጠመንጃውን ተቀብላ በርሜሉን ከመታጠፊያው ወደታች ሰብራ፣ ሞላውን ወጥራ አቀባበለች፣ ጥይት ጨምራ መለሰችላት። ደግማ ተኮሰች። ሦስተኛዋን ስትተኩስ ሬዲዮ ወረቀቱን ሊያይ ሮጠ፤ ቀዳዳዎቹ ተነካክተው ነበር።

«እናትዬ!» አለ ሬዲዮ። «አሁን ደግሞ ብቻሽን። ጭራሮ፣ አንቺ ከካሜራው ውጪ።»

ቁንጫ እህቷን ቀና ብላ አየቻት። «ማን ያቀባብልልኛል?»

ጭራሮ ክው አለች። ዓመት ሙሉ ሳታስበው፣ የሕፃን ጫማ እንደምታስር ሁሉ፣ እያቀባበለች ስትሰጣት ኖራለች። አሁን ቁንጫ ተነሥታ ሰደፉን ጭኗ ላይ አሳርፋ በርሜሉን በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት። ቢያመልጣት ተመልሶ እንዳይመታት ጭራሮ እጇን አስጠግታ ጠበቀች። በርሜሉ ጥቂት ተነቃንቆ ቦታው ተመለሰ።

«እንቢ አለኝ» አለች ቁንጫ እያለከለከች።

ጭራሮ ራሷ የመጀመሪያ ሰሞን ክንዷ አብጦ ማንኪያ ማንሳት አቅቷት ነበር። እንዴት ረሳችው? ሬዲዮ ግን ምንም አልመሰለውም። የማቀባበሉን ክፍል ቆርጦ ያወጣዋል፣ ቁንጫ ስትተኩስ ብቻ ይታያል፣ ማን ያውቃል?

«ክበቡ ውስጥ የሚመዘገቡት እኮ አብዛኞቹ እሷን የሚያክሉ ናቸው» አለች ጭራሮ።

«ያድጋሉ!» አለ ሬዲዮ። «ፋራ አትሁኚ። ውድድሩን አስቢ።»

ቁንጫ ፍቅፋቂውን ከፀጉሯ እያራገፈች፣ «እኔ ክበቡ ውስጥ አልገባም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። አላኮረፈችም፣ አላለቀሰችም፤ ለማወቅ ያህል ነበር። ጭራሮ ለአፍታ ተናደደችባት። አሁን ይሄ ይጠየቃል? ከዚያ ዞራ ወረቀቱን አየችው። እነዚያ ሦስት ቀዳዳዎች ከራሷ የዛሬ ተኩስ ሁሉ ይበልጣሉ፤ ይህንንም አለማየት አልቻለችም። መጥፎውንም ንገሪኝ ያሏት መምህሩ ትዝ አሏት። እሷ እኮ እስካሁን የተናገረችው ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው።

«እንደገና ቅረጽ» አለችው ሬዲዮን።

«ምኑን?»

«ከበርሜሉ ጋር ስትታገል።»

ቁንጫ በጨዋታ መልክ ይዛው እየሳቀች ታገለች፤ በርሜሉ አልበገር አለ። ጭራሮ አጠገቧ ተቀምጣ ለካሜራው ተናገረች። ይህን ጠመንጃ በምንም እንደማትለውጠው፣ እሱን ለመልመድ ግን ዓመት ሙሉ እንደፈጀባት፣ ትንንሾቹ ብቻቸውን ሊያቀባብሉት እንደማይችሉ አስረዳች።

ሬዲዮ ስልኩን ይዞ ቆመ። ጣቱ መላኪያው ላይ ነው፣ አይጫነውም።

«ሳልቆርጠው?»

«ሳትቆርጠው።»

ወደ ቁንጫ አየ፣ ከዚያ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ቀላሉ ጠመንጃ ከመጣ እኮ ይቺ ልጅ ትበልጥሻለች።»

«አውቃለሁ» አለች ጭራሮ። «ላከው።»