የሚያስለው ቤት

ሳሉ ከግንቡ ማዶ ሲሰማ የሒሳብ መምህሩ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እንዳስደገፉ ቀጥ አሉ። ደረቅ፣ ረጅም ሳል ነበር፤ አበቃ ሲባል እንደገና የሚጀምር።

«ሟቹም ሒሳቡ አልገባውም መሰለኝ» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ።

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። መምህሩ ግን ሳይስቁ መስኮቱን ዘግተው ወደ ሰሌዳቸው ተመለሱ።

ከትምህርት ቤቱ ጋር ግንብ ተጋርቶ የቆመው ያ ቤት ባዶ ከሆነ ቆይቷል። ባልና ሚስቱ ተከታትለው በሳንባ በሽታ ሞቱ፤ ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የተከራየው የለም። ተማሪዎች «የሚያስለው ቤት» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ለቀልድ ነበር። ከቅርብ ሳምንታት ወዲህ ግን ቤቱ የምሩን ያስል ጀመር።

ፌንጣ ወደ ጓደኛዋ ዞር አለች። እሷን ፌንጣ ያሏት ስትራመድ ስለምትዘል ነው፤ ጓደኛዋ ደግሞ በሞላው ጉንጯ ምክንያት ጉንጬ ተብላ ቀርታለች። ጉንጬ አልሳቀችም። እርሳሷን ጨብጣ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራለች።

«ፈራሽ እንዴ?»

«እዚያ ቤት እንዳትደርሺ» አለች ጉንጬ በሹክሹክታ። «የሙት ሳል ይጋባል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ፌንጣ ግን መድረስ ነበረባት። አክስቷ ልካታለች።

አክስቷ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሰው ለሳል እየቀቀለ የሚጠጣቸውን ቅጠላ ቅጠሎች እየሰበሰበች የቲቢን ባክቴሪያ ይገድሉ እንደሆነ ትፈትናለች። ቅጠሉን ጥላ ላይ ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ አልኮል ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። አልኮሉ ሲተን ብልቃጡ ሥር የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ይቀራል። ያንን ይዛ በሁለት በር ወደሚዘጋው የውስጥ ክፍል ትገባለች። እዚያ ፌንጣ አይፈቀድላትም፤ በመስታወቱ ማዶ ቆማ ከአክስቷ ዓይን በቀር ምንም የማይታይበትን ፊት ታያለች።

አንድ ቀን አክስቷ አንዱን ብልቃጥ ወደ መስታወቱ አስጠግታ አሳየቻት። አረንጓዴው የባክቴሪያ ምግብ ላይ የተጨማደደ፣ የዳቦ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር በቅሏል።

«ይኼ ነው እንግዲህ» አለቻት ስትወጣ። «አይቸኩልም። ሰው ውስጥ ገብቶ ዓመታት አድፍጦ ይቀመጣል። የሚጠብቀው እስክንደክም ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሰው ባሳለ ቁጥር ፌንጣ ያ ፍርፋሪ ድቅን ይልባታል።

ከተፈተኑት ቅጠሎች ሁሉ ፍርፋሪው እንዳይበቅል ያደረገው አንድ ብቻ ነበር። ከሚያስለው ቤት ግንብ ላይ ወደ መንገዱ የተንጠለጠለው ቁጥቋጦ ቅጠል ነው፤ ፌንጣና ጉንጬ ራሳቸው ነበሩ የቀጠፉት። ፌንጣ ደስታዋን መያዝ አቅቷት በማግሥቱ ለጉንጬ «ቅጠላችን ቲቢን ገደለው» ብላ ነገረቻት። አሁን አክስቷ ፈተናውን ለመድገም ተጨማሪ ቅጠል ፈልጋለች።

ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ሄደች። ቁጥቋጦው እርቃኑን ቀርቷል። ፍየል እንዳይባል፣ ፍየል ቅርንጫፍ ትሰብራለች። ይህ ግን በጣት፣ ቅጠል በቅጠል፣ ለዚያውም ከውስጥ በኩል የተለቀመ ነው። በሩን ገፋ ስታደርገው ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ። ማጠፊያውን ዘይት ቀብቶታል፣ የሆነ ሰው።

ግቢውን ሣር ውጦታል። በሣሩ መሃል ግን ቀጭን መንገድ ተረግጧል። ፌንጣ መንገዱን ተከትላ ጥቂት እንደሄደች አንድ ሽታ አፍንጫዋን መታው፤ መራራ፣ ከባድ፣ የአክስቷ ብልቃጦች ሽታ። ውስጥ የሆነ ነገር እየተቀቀለ ነው።

መስኮቱ ላይ የተሰቀለው ጆንያ ተንቀሳቀሰ። በጠርዙ በኩል ፊት ብቅ አለ። ጉንጮቹ ጎድጉደዋል፣ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ሸሽተዋል። ፀጉሩ ግን ሙሽራ ይመስል በልኩ ተቆርጦ፣ ተበጥሮ፣ በቀጭን መስመር ተከፍሏል።

ፌንጣ ስሟን የሚመጥን ሩጫ ሮጠች። አስፋልቱ ጋ ደርሳ ትንፋሿን ስትሰበስብ ነው ያ የፀጉር አቆራረጥ የማን እንደሆነ የገባት። የጉንጬ ታላቅ ወንድም ፀጉር አስተካካይ ነው። ጆሮው ላይ ማበጠሪያ ስለማይጠፋ ሰፈሩ «ማበጠሪያ» ይለዋል። ቤተሰቦቹ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ ብለው ነበር።

ላቦራቶሪው ስትደርስ አክስቷን ጓንቷን አውልቃ እጇን ስትታጠብ አገኘቻት።

«ቅጠሉስ?»

«አልቋል።» ፌንጣ ጥቂት አመነታች። «አክስቴ፣ ሰው ቅጠሉን ቀቅሎ ቢጠጣው ይድናል?»

የአክስቷ እጅ ውኃው ሥር ቆመ። «ማን ጠጣ?»

«ማንም። እንዲሁ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እኔ ያየሁት ብልቃጥ ውስጥ ነው። ብልቃጥ ውስጥ በረኪናም ይገድለዋል፤ በረኪና ይጠጣል? ቅጠሉ ውስጥ ካሉት ውህዶች የትኛው እንደሠራ አላውቅም። ጉበት ይጉዳ አይጉዳ አላውቅም። ያንን ማወቅ ዓመታት ይፈጃል።»

«ክኒኑን ትቶ ቅጠሉን ቢጠጣስ?»

አክስቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ክኒኑን መሃል ላይ ከተወ፣ ያልሞተው ባክቴሪያ ክኒኑን ይለምድና እንደገና ይነሣል። ያን ጊዜ እሱንም፣ አጠገቡ የሚቀመጠውንም…» አልጨረሰችውም። «ፌንጣ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«የለም» አለች ፌንጣ። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ጉንጬን ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ወንድምሽን አየሁት።»

የጉንጬ ፊት አመድ መሰለ። ልትክድ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከትምህርት በኋላ ወደዚያ ቤት አብረው ሄዱ።

ክፍሉ ጨለማ ነበር። አየሩ ቆሟል። ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል፤ ጋዜጣ ላይ ቅጠል እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ ግድግዳው ላይ ከተደገፈ የመስታወት ስባሪ ሥር መቀስ ተቀምጧል። ማበጠሪያ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ፌንጣ ከበሩ አላለፈችም።

«ግቢ እንጂ፣ ፀጉርሽን ልከርክምልሽ» አለ። «እዚህ ሰፈር ደንበኛ ጠፍቶብኛል።»

ጉንጬ ሄዳ ምድጃው አጠገብ ቆመች።

«ክኒኑ ሆዴን ገለባበጠው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደግሞስ በየቀኑ ጤና ጣቢያ ስመላለስ ሰው ቢያየኝ ማን ጭንቅላቱን ይሰጠኛል? እህቴ ቅጠሉ ይገድለዋል ስትለኝ፣ ተመስገን አልኩና ክኒኑን ተውኩት።»

«እኔ ነኝ ያልኳት» አለች ፌንጣ። «የገደለው ግን ብልቃጥ ውስጥ ነው። ሰው ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አክስቴ ራሷ አታውቅም።»

«እኔስ አሁን ከብልቃጥ በምን እለያለሁ?»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም አልቆም አለ። አፉ ላይ የያዘውን ጨርቅ ቶሎ ብሎ ብርድ ልብሱ ሥር ሸጎጠው፤ ቀዩ ግን ታይቷል።

በመጨረሻ ጸጥታ ሆነ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሌላ ሳል ተሰማ፤ አጭር፣ ደረቅ። ፌንጣን ለአፍታ ግድግዳው የመለሰ፣ እነዚያ የሞቱት ባልና ሚስት ከውስጥ ሆነው ያሳሉ መሰላት። ከዚያ ጉንጬን አየች። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«አቧራ ነው» አለች ጉንጬ።

ማበጠሪያ ወደ ፌንጣ ዞረ።

«ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጪኝ» አለ ማበጠሪያ። «አሁን እኮ እየተሻለኝ ነው።»

«ካወራሽ እኔና አንቺ አንተዋወቅም» አለች ጉንጬ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «እናታችን እንኳ አታውቅም።»

ፌንጣ በሩን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ ገባች፣ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጆንያውን ከምስማሩ አላቀቀችው። ብርሃን ገባ፣ አየርም ገባ። ማበጠሪያ ዓይኑን በክንዱ ከለለ። ፌንጣ ሁለቱንም ሳታይ ወጣች።

ላቦራቶሪው ስትደርስ አክስቷ ልትገባ ስትል ነበር፤ አንድ እጇ የውጭው በር እጀታ ላይ ነው።

«ቅጠል አላመጣሁም» አለች ፌንጣ። «ጋውንሽን አውልቂና አብረሽኝ ነዪ። ትናንት የለም ያልኩሽ ሰው አለ።»

አክስቷ እጀታውን ለቀቀች። ጋውኑን ሰቀለች፣ ከመደርደሪያው የጭምብሉን ካርቶን አወረደች፣ ሦስት አወጣች።

«አራት አድርጊው» አለች ፌንጣ።

አክስቷ ካርቶኑ ውስጥ እጇን እንደከተተች ቀና ብላ አየቻት። «አራተኛው ለማን ነው?»

ፌንጣ አሁን ጉንጬን ምን ብላ እንደምትጠራት ማሰብ ነበረባት።

«ለጓደኛዬ» አለች።