አለች ባይ

«ፌንጣ?» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከመዝገቡ ሳያነሱ።

«አለች» አለች ኤሊ።

አለች አለች እንጂ ፌንጣስ አልነበረችም። ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠው የኤሊ የራሷ ቦርሳ ነው። መደገፊያው ላይ ደግሞ ፌንጣ ከአምስት ሳምንት በፊት ረስታው የሄደችው ሰማያዊ ሹራብ ተንጠልጥሏል። እንደ ጋሼ ወፍራም መነጽር አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ለሚጽፍ ሰው፣ ከሩቅ ሲያዩት አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ የምታነብ ይመስላል።

«ኤሊ?»

የሚከብደው ይሄኛው ነው። ኤሊ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ድምጿን አቅጥና፣ ፌንጣ እንደምትለው ፈጠን አድርጋ «አለች!» አለች። ስለ ራሷ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ አድርጋ። ከፊቷ የተቀመጠው «ራዲዮ» የሚሉት ልጅ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ትንፍሽ አላለም። ወሬ አያልቅበትም እንጂ በሰው ላይ አያሳብቅም።

ክፍሉ ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ነው። አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሁለት ክፍል ይዞ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት ከየቦታው ለምኖ፣ በቤታቸው የሚያስጠናቸው ለሌላቸው ተማሪዎች ከትምህርት ቤት መልስ በሩን ይከፍታል። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ይሠራሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ይማራሉ፤ ከታች መዶሻው ኳ ኳ ሲል ካልኩሌተሩም ጠረጴዛው ላይ አብሮ ይዘላል። ወንበሩ ሃያ አራት ብቻ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው የተጠባባቂዎች ዝርዝር ግን ሁለት ገጽ ሞልቷል።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ስም አይያዝላቸውም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም ቅጽል ስም አወጡ። ከጥያቄ ጥያቄ እየዘለለች የምትሠራዋን ፌንጣ አሏት። አንዱን ጥያቄ ሳትጨርስ ሌላውን የማትነካዋን ኤሊ አሏት። «እሷ ታስሩጥሽ፣ አንቺ አስቁሚያት» ብለው ሁለቱን ጥንድ አደረጓቸው። ሌላ ቦታ የሌለ አንድ ሕግም አወጡ፦ እዚያ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ራሱ የሚመልስ የለም። የሚመልስለት ጥንዱ ነው።

«‹አቤት› ማለት በቀቀንም ያውቅበታል» ይላሉ ጋሼ። «ስለ ጓደኛው ‹አለ› የሚል ግን ዞር ብሎ ጓደኛውን ያየ ነው።»

ኤሊ ያን ሕግ የወደደችውን ያህል በሕይወቷ ሌላ ሕግ አልወደደችም። እናቷ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ኤሊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ወጥታለች፣ እናቷ ስትገባ ኤሊ ተኝታለች። የሚነጋገሩት ድስቱ ክዳን ላይ በሚቀመጥ ወረቀት ነው። «እራትሽ ድስቱ ውስጥ ነው። በሩን ቆልፊ።» በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ፣ ጎረቤትም ይሁን አከራይ፣ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፦ «እናትሽ አለች?» እሷም የምትመልሰው አንድ ነው፦ «የለችም።» ቀን ከቀን፣ የለችም። አንዳንዴ ቤት ውስጥ አፏን የምትከፍተው ለዚያች ቃል ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ፌንጣ እጇን ይዛ ወደ ላይ እያነሳች «አለች!» ብላ ስትጮህላት፣ ኤሊ ፊቷ እስኪግል ደስ አላት። ቤቷ እስክትደርስ ቃሏን በልቧ ስትደጋግማት ሄደች።

ከዚያ ፌንጣ መቅረት ጀመረች። «እናቴን አሟታል፤ ለዚህ ሳምንት ብቻ ሸፍኚኝ፣ ነፍሴ።» ኤሊም ሸፈነቻት። ጓደኛ ለመቼ ነው? አንዱ ሳምንት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኤሊ ግን እያደር ከበዳት። ከባዶ ወንበር ጋር ሒሳብ ትሠራለች፣ ለባዶ ወንበር ታርማለች። የልምምድ ደብተሩ የጥንድ ስለሆነ የፌንጣንም ገጽ የምትሞላው እሷ ነች፤ የእጅ ጽሑፏን ጋደል አድርጋ።

ረቡዕ ዕለት ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ የፌንጣን እናት አገኘቻቸው። ሁለት እጃቸው ሙሉ ዕቃ ይዘው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ከባለ ዳቦ ቤቱ ጋር ይከራከራሉ።

«ተሻለዎት?» አለች ኤሊ።

«ምኑ ልጄ?»

«አሞዎት ነበር ሲባል ሰምቼ…»

«እኔን? ኧረ ጠላቴን ይመመው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዕቃቸውን አስቀምጠው ጉንጯን ዳበሱት። «ልጄን እንዲህ አጥብቀሽ ይዘሽልኝ፣ ምን ልበልሽ? ማታ ማታ ደክሟት ስትገባ ሳይ አንጀቴ ይንሰፈሰፋል። ተባረኪልኝ።»

ኤሊ ዳቦውን ሳትገዛ ወጣች።

በማግሥቱ ፌንጣን ለማግኘት ብዙ አልፈለገችም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ጸጉር ቤት መስታወት ውስጥ፣ ከሦስት ትልልቅ ልጆች መሃል፣ ጸጉሯ ላይ የፕላስቲክ መጠቅለያ ዓይነት በዓይነት ተሰክቶ እየሳቀች አየቻት። ፌንጣ እንደዚያው ሆና ወደ በሩ ብቅ አለች።

«ኤሊዬ! ምነው በደህና?»

«እናትሽን አገኘኋቸው።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። «ነገርሻት?»

«አልነገርኳቸውም።»

«አውቄ ነበር!» ብላ አቀፈቻት። የሻምፖ ሽታዋ ደስ ይላል። «አንቺ እኮ ልዩ ነሽ።»

«ግን እኔን ለምን ዋሸሽኝ?»

«ባክሽ አታካብጂ። እዚያ ክፍል ስገባ እንቅልፌ ነው የሚመጣው። ከነዚህ ጋር ደስ ይለኛል፣ በቃ። ለዩኒቨርሲቲ የሚጽፉት የድጋፍ ደብዳቤ ካልተጻፈልኝ ግን እናቴ ትገድለኛለች። መዝገቡ ነገ አይደል የሚዘጋው? ነገን ብቻ። አንድ ቃል እኮ ናት!»

«እኔንስ?» አለች ኤሊ።

«አንቺን ምን?»

«እኔን ማን ነው ‹አለች› የሚለኝ?»

ፌንጣ ቀልድ መስሏት ፍርፍር ብላ ሳቀች። «ራስሽ በያ! ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ሲባል አልሰማሽም?»

ከውስጥ ተጠራች፤ ዘልላ ገባች። በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ አንዷ «ማን ናት?» ስትል፣ ፌንጣም «ኧረ አንዲት የማውቃት ልጅ ናት» ስትል ተሰማ። ኤሊን ከውሸቱ ይልቅ ይቺ «የማውቃት ልጅ» የምትል ቃል አንገበገበቻት። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ እንደዚያ ቀን ብቻዋን የሆነችበት ጊዜ የለም።

ዓርብ ከጥናቱ በፊት የድርጅቱ አስተባባሪ ገብታ ማስታወቂያውን አነበበች። ከሦስት ቀን በላይ ያልቀረ ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻው የድርጅቱ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍለታል። ከዚያ በላይ የቀረ ወንበሩ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ስለ ጥንዱ በሐሰት የመለሰ ደግሞ ወንበሩንም ደብዳቤውንም ያጣል። «መዝገቡ ዛሬ ይዘጋል» ብላ ወጣች።

ኤሊ ነገሩን እንደ ሒሳብ ጥያቄ በዝግታ ሠራችው። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ «አለች» ብትል ሁለቱም ደብዳቤ ያገኛሉ። ፌንጣም ሰኞ ታቅፋታለች፤ የሚቀጥለውን ውለታ እስክትፈልግ። «የለችም» ብትል ግን ፌንጣን ታጣለች፤ ወንበሩም፣ ደብዳቤውም፣ ከዚህ ክፍል ወጥታ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ሕልሟም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ከዚያ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ድስቱ ክዳን ነው መመለሻዋ።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ጥንድ በጥንድ «አለ»፣ «አለች» እየተባለ ወደ ኋላ መጣ።

«ፌንጣ?»

ኤሊ ሕጉ እንደሚለው ዞር ብላ አየች። ቦርሳዋን አየች። ሹራቡን አየች፤ ትከሻው ላይ አቧራ ይዟል።

«የለችም» አለች።

ቤት ውስጥ ሺህ ጊዜ ያለቻት ቃል ናት፤ እንደ ዛሬ ግን ከብዳት አታውቅም። የጋሼ እስክሪብቶ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«የለችም፣ ጋሼ። አምስት ሳምንት ሆናት። አለች እያልኩ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አድርገው ባዶውን ወንበር ተመለከቱ። አልተቆጡም። ኤሊ ግን ቢቆጧት ይሻል ነበር ብላ አሰበች፤ ፊታቸው ላይ የነበረው የተታለለ ሰው ድካም ነው።

«ሕጉን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ከአስተባባሪዋ ጋር እንነጋገራለን። ምን እንደምትል እኔም አላውቅም።» መዝገቡ ላይ ብዙ ጻፉ። ከዚያ፣ በልማድ ይሁን አስበውበት ባይታወቅም፣ ቀጣዩን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። «ኤሊ?»

የሚመልስላት የለም። ራዲዮ ወንበሩን አስጮኾ ወደ ኋላ ዞረ፣ አያት፣ አፉንም ከፈተ። ጥንዷ ግን አይደለም። ኤሊ ድምጿን አላቀጠነችም፤ አላፈጠነችም።

«አለሁ» አለች።

ጋሼ ሕጉ ስለ መጣሱ ምንም አላሉም። መዝገቡ ላይ አንዲት ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው ጥንድ አለፉ። ኤሊ ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ እግሯ ሥር አደረገችው፤ ሹራቡንም አራግፋ አጠፈችና፣ ስትወጣ ለፌንጣ እናት ልታደርስላቸው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ደብተሩን በራሷ ገጽ ገለጠች።