አራት ነጥብ ሁለት ጊጋኸርዝ

«ጠፋ! በቃ ጠፋ!» አለች ሀሴት፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና።

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ኮምፒውተር ድርግም ብሎ ጠፍቷል። የወላጆች ቀን ቪዲዮ ከግማሽ በላይ ተሠርቶ ነበር። ቪዲዮው ዓርብ ይታያል፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከአጥሩ ማዶ የጋሽ ከበበ ብየዳ ይንጫረራል።

«ይኸው!» አሉ የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ሰርፀ። «መብራቱን የሚጎትተው ይሄ ሰውዬ ነው። እስከ ዓርብ እንዲያቆም ሄጄ እነግረዋለሁ።»

ማንም አልተከራከረም። ወሰን ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ከጠፋ ጥፋተኛው መብራት ነው፤ መብራቱ ካለ ደግሞ መብራቱን የሚስበው ጎረቤት። ሌላ ምክንያት መፈለግ የሥራ ፈት ሥራ ነው።

ሲፋን ግን ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል እያየች ነበር። አምፖሉ ቦግ እልም አላለም። እጇን ኮምፒውተሩ ጎን ላይ አሳረፈችና ወዲያው መለሰችው። ይፋጃል።

«ወይ ጣጣ!» አለች በሆዷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲፋን አሥረኛ ክፍል ናት፤ የኮምፒውተር ወሬ ሲነሳ እሷን የሚቀድም የለም። የክበቡ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ታናሽ ወንድሟን በዕድሜ ይበልጣል፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ አዲስ ሳለም ርካሽ ከሚባሉት ነበር። አንድ ቪዲዮ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሲፋን «ለእኔ ስጡኝ፣ አበረዋለሁ» አለች። ጉራ ብቻ አልነበረም። ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ማዘዝ፣ ጥርት አድርጋ ታውቃለች። ከሦስት ነጥብ ሁለት ተነስታ፣ ጥቂት በጥቂት እየጨመረች፣ ቮልቴጁንም እየነካካች አራት ነጥብ ሁለት ጊጋኸርዝ አደረሰችው። ቅዳሜና እሁድ ሲፈተን ዋለ፤ ንቅንቅ አላለም። ሰኞ ጠዋት ቲቸር ሰርፀ ሰልፍ ላይ አስጨበጨቡላት። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ብቻ አንድ ነገር ረስታለች። ያን ሰሞን ሰፈሯ መብራት ስላልነበረ ኮምፒውተሩን ሚኒባስ ላይ ጭና የፈተነችው እንጦጦ፣ አክስቷ ቤት ነው። እዚያ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ይለበሳል። የክበቡ ክፍል ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ወሩ ግንቦት፣ ሰዓቱ ሰባት። ብርድ ላይ ጎበዝ የነበረው ፕሮሰሰር እዚህ ሙቀቱን አልቻለም፤ እንዳይቃጠል ራሱን አጠፋ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት ሀሴት።

«ምንም።»

ረቡዕ ጠዋት ብየዳው የለም። ኮምፒውተሩ በቀዝቃዛው አየር ያለምንም ችግር ሠራ። «ብየዳው ነው አላልኩሽም?» አለች ሀሴት። ሲፋን ሙቀቱን የሚያሳየውን ቁጥር ሰረቅ አድርጋ አየች። ሰባ ዲግሪ ነበር፤ አራት ሰዓት ሲሆን ሰማንያ አምስት ገባ። «ቆይ ድምፁን ላስተካክል» ብላ ሙቀቱ ሳያጠፋው ራሷ አቆመችው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማንም ሳያይ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ። ማን ያውቃል? ማንም። ዝናዋም አይነካም።

በእረፍት ሰዓት ሳምቡሳ ልትገዛ ወጣች። የጋሽ ከበበ በር ላይ አንድ ሰው ግማሽ የተሠራ የግቢ በር እያሳየ ይጮኻል። «ነገ ጭኜ ሌላ ጋ ነው የምወስደው! ሰውን መጫወቻ ታደርጋለህ እንዴ?»

«እስከ ዓርብ ታገሰኝ ወንድሜ። የልጆቹ ጉዳይ ሆኖብኝ ነው» አሉ ጋሽ ከበበ።

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። ጋሽ ከበበ ሲፋንን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ አለ። «ዛሬስ አልጠፋባችሁም አይደል ልጄ? ትናንት ከሰዓት ሙሉ ማሽኔን ፈትቼ ስፈትሽ ዋልኩ። ምኑ እንደሆነ ግን አጣሁት።»

ሲፋን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሰውየው የሌለ ጥፋት ሲፈልጉ ውለዋል!

«ማሽንዎ ምንም የለበትም ጋሽ ከበበ። ይበይዱ።»

«ተይ ልጄ። ለመምህሩ ቃል ሰጥቻለሁ። እሳቸው ቀጥል ካላሉኝ አልነካም።»

ቁርጡ ይሄ ነው። ፍጥነቱን ደብቃ ብትቀንስ ቪዲዮው ይድናል። ግን ከእንግዲህ ያ ኮምፒውተር በጠፋ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደዚህ በር ነው። ሳምቡሳውን ሳትገዛ ተመለሰች።

«ቲቸር፣ ብየዳው አይደለም» አለች ገና በሩ ላይ ሆና። «እኔ ነኝ። ፍጥነቱን ከልክ በላይ ሰቅዬዋለሁ። የፈተንኩት እንጦጦ ብርድ ላይ ነበር፤ የዚህ ክፍል ሙቀት ሌላ ነው። ትናንትም አውቄ ነበር።»

ከኋላ አንዱ «ወይኔ ኢንጂነሯ!» ብሎ ሳቀ። ጆሮዋ ጋለ።

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አሉ ቲቸር ሰርፀ።

«ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነበር።»

ቲቸር ሰርፀ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «እኔስ መች አጣራሁ» አሉ ቀስ ብለው።

ሲፋን ተቀመጠች። ቮልቴጁን አወረደች፤ ፍጥነቱን ሦስት ነጥብ ሰባት ላይ አቆመች፤ አየር እንዲያገኝ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈትታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «ይሄን ይችላል» አለች። «ከድሮው አሁንም ይፈጥናል።»

«ነገ በጠዋት በብርዱ ብንጀምረው አይሻልም?» አለች ሀሴት። «ቆርቆሮው እኮ እየጋለ ነው።»

«አይሻልም። አሁን ነው፤ በሙቀቱ መሥራቱን እንይ።» ቪዲዮውን አስጀምራ ተነሳች። «ቲቸር፣ ጋሽ ከበበ ጋ ደርሼ ልምጣ?»

«አብረን ነው የምንሄደው» አሉ ቲቸር ሰርፀ።

ጋሽ ከበበ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መምህሩን ሲያዩ ብድግ አሉ። ሲፋን ማንንም ሳትጠብቅ ተናገረች። «ጋሽ ከበበ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይበይዱ። አሁኑኑ፣ ቪዲዮው እየሠራ እያለ።»

ጋሽ ከበበ ወደ መምህሩ አዩ። ቲቸር ሰርፀ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«እንግዲያው ዓይንሽን አዙሪ ልጄ» አሉ ጋሽ ከበበ፣ መከላከያውን ፊታቸው ላይ እየደፉ።

ብየዳው ተንጫረረ። ሲፋን ፊቷን አዞረች፤ ወደ ኮምፒውተሩ ግን አልሮጠችም። ጋሽ ከበበ የያዙት የብየዳ ዘንግ እስኪያልቅ እዚያው ቆመች።