በሞሲሳ ኪስ የተገኘ ከሰል

ሞሲሳ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ የሚለው ወሬ ሐሙስ ጠዋት ቱሉ ቀጨሞ ከተማ ሲደርስ፣ ለንሳ የመዝገብ ቤቱን መስኮት እየከፈተች ነበር። እጇ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቀረ። የመጀመሪያ ሐሳቧ ለሟቹ ቢሆን ደግ ነበር፤ ፍርሃት ግን ይሉኝታ አያውቅም። «ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለች በልቧ።

ያለ ምክንያት አልፈራችም። ጊዜው ታኅሣሥ 2011 ነው፤ የሕዝብ ቆጠራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የወረዳው ምክር ቤት አንድ ወሰን ሲለውጥ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ ሞልቶ፣ ካርታ አያይዞና ማኅተም አድርጎ አምቦ ላለው የስታቲስቲክስ ቅርንጫፍ ያሳውቃል፤ ቅርንጫፉም የቆጠራውን ካርታ በዚያው ያርማል። ከቡርቃ ገጠር ቀበሌ ተቆርሶ ወደ ከተማው የገባው መሬት ወሰንም እንዲሁ ተላከ። ለንሳ ቅርንጫፉ «ደርሶናል» ብሎ የመለሰውን ቅጂ ፋይል ውስጥ ስታስገባ ግን ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ወደቀ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ወሰን ትልቁ ዝግባ ጋ ያበቃል። የተላከው ወሰን ግን ገደሉ ድረስ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል አርባ ስድስት አባወራ ይኖራል።

የቅርንጫፉ ካርታ ሠሪ ሞሲሳ ዘንድ ደወለች። «ረቡዕ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» አላት። ዝም ብትል ምን ነበረበት! ማክሰኞ በሻይ ሰዓት አፏ አላርፍ ብሎ «ነገ የካርታ ሰው ከአምቦ ይመጣል» አለች። ሦስት ሰዎች ሰሟት፤ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ኤቢሳ፣ የመሬት ባለሙያው ጋሮማ፣ እንዲሁም ለጉዳይ መጥተው ደጃፉ ላይ የተቀመጡት የአባቷ ወንድም ኦቦ ሆርዶፋ። ሊያጣራ በመጣበት ቀን እንዲያው ገደል ገባ ቢሏት አላመነችም፤ ከሦስቱ አንዱ ገድሎታል። ማን ለአምቦ እንደደወለ ያ ሰው ሳይገባው ይቀራል ብላ ራሷን ማታለል አልቻለችም።

ሌላም የደበቀችው ነገር ነበር፤ እሱን ለመቃብር እንኳ አታወራውም።

ኢንስፔክተር ጣቢታ ዓርብ ረፋድ ላይ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰች። አጭር ናት፤ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ ከሹራቧ ኪስ ቆሎ እየዘገነች ትቆረጥማለች። ከመዝገብ ቤቱ ሌላ ባዶ ክፍል ስላልነበረ እዚያው ተቀመጠች።

«አንቺ ለንሳ ነሽ? አትሂጂ። ፋይል እያወጣሽ ትሰጪኛለሽ።»

«ሰው ሲመረመር… እኔ እዚህ?»

«የምጠረጥረው ሰው አጠገቤ ሲሆን ሥራ ይቀለኛል» አለችና ቆሎዋን ዘረጋችላት። ለንሳ አንዲት ፍሬ አንሥታ መዳፏ ውስጥ ያዘቻት።

መጀመሪያ ኦቦ ኤቢሳ ገባ። ኢንስፔክተሯ የተላከውን ቅጽ ፊቱ አስቀመጠች። ቀን አልተጻፈበትም። ፊርማው የማንም ሊሆን የሚችል ጭረት ነው፤ ማኅተሙ ግን እውነተኛ ነው።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ይመስላል። በቀን ስንት ወረቀት እፈርማለሁ!»

«ሳያነቡ?»

«ያነበብኩ ቀን ሥራ አይወጣም፣ አዴ ጣቢታ።»

«አርባ ስድስት አባወራ ቢጨመር የከተማው ደረጃ ከፍ ይላል። የእርስዎም ወንበር አብሮ ከፍ ይላል።»

ኤቢሳ ፊቱ ቀላ። «ለወንበር ብዬ ሰው አልገድልም!»

«ቅጹ የተላከው ኅዳር ውስጥ ነው፤ ያኔ እዚህ ነበሩ?»

«ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አምስት ነቀምቴ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሌላውን ጊዜ እዚሁ ነኝ።»

ኢንስፔክተሯ ከቦርሳዋ የታጠፈ መሐረብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። አውራ ጣት የሚያህል ጉማጅ ከሰል ነው። «ከሟቹ የደረት ኪስ የተገኘ ነው። በዚሁ መሐረብ ተጠቅልሎ።»

ኤቢሳ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «አንሺልኝ ከፊቴ» አለ።

ለንሳም አየችው፤ የያዘችው ፋይል ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። ቡርቃ ያደገ ሰው ይህን ነገር ከምድር በላይ ሲያየው አይወድም። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ዞር ብላም አላየችው፤ ያየችው የለንሳን ፊት ነው።

ኦቦ ሆርዶፋን ከጣቢያ ሁለት ፖሊሶች አመጧቸው። ረቡዕ ጠዋት በገበያ መካከል ሞሲሳን «ቤቴን ከተማ ብለህ ብትጽፍ አልለቅህም!» ሲሉት አገር ሰምቷል። የወሰን ነገር በዚህ አካባቢ ስንቱን እንዳስለቀሰ የሚያውቅ ሁሉ፣ ገዳዩ እሳቸው መሆናቸውን አንድ ቀን ሳይሞላ ፈርዶ ጨርሷል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ሆርዶፋ፤ እንዴት አደሩ?»

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ፤ ፈጣሪ ይመስገን። እስር ቤት ያደረ ምን ያህል ደህና ያድራል፣ ልጄ።»

«ሞሲሳን ሰድበውታል?»

«ሰድቤዋለሁ። እሱ ግን እጄን ይዞ ‹አባባ፣ እኔ የመጣሁት ላጣራ ነው› አለኝ። አፈርኩ። የወሰኑን ድንጋይ መጀመሪያ የተከልንበትን ቦታ የነገርኩት እኔው ነኝ። ዝግባው ሥር ነበር። አሁን ገደሉ አፍ ላይ ተተክሎ የምታዩት ከዚያ ተነቅሎ የሄደ ነው።»

«ሌላስ ምን ነገሩት?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ኢንስፔክተሯ መሐረቡን ፈታች። ሆርዶፋ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መልሺው፣ ልጄ። ካለበት መልሺው።»

«ምንድን ነው?»

«ለሌላ ሰው አይነገርም። ለእሱ ነገርኩት፤ ይኸው ሞተ» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ለንሳ «አጎቴ!» ብላ ልትጮህ ቃጣትና አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሮማ ሲገባ ክፍሉ ቀለል ያለ መሰላት። ትሑት ሰው ነው። የአምቦ ከተማ ልጅ ነው፤ ቱሉ ቀጨሞ በመጣ በሁለት ዓመቱ የማያመሰግነው የለም። ልጇ መቲ ታማ የወጣች ሰሞን ብርቱካን ይዞ የጠየቃት እሱ ነው።

«ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«መስክ። በሰሜን በኩል የውሃ መስመር ስለካ ዋልኩ፤ ብቻዬን።»

«የወሰኑ ድንጋይ ሲተከል ነበርክ?»

«ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜያለሁ እኮ። ቦታውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ።»

«ይህንንስ?»

ጋሮማ መሐረቡን አየና ፈገግ አለ። «ከሰል ነዋ! ውርጩ ከባድ ነው፣ እሳት ሊያነድ ይዞት ይሆናል።» አንሥቶ በጣቱ አገላብጦ መልሶ አስቀመጠው። ለንሳ ቀናችበት። ያን ቀን በዚያ ቤት ውስጥ ያልፈራ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ሲወጣ ኢንስፔክተሯ በሩን ዘጋች።

«አንቺስ የምትነግሪኝ የለሽም?»

«የለኝም።»

«አጎትሽን ዛሬ ወደ አምቦ እልካቸዋለሁ። እንዳልገደሉ አውቃለሁ፤ ማወቅ ግን ለፍርድ ቤት አይበቃም። በእጄ ያለው ግማሽ ነው። ግማሹ ይህ ክፍል ውስጥ ይመስለኛል።» ቆሎዋን ቆረጠመች። «እንዲያው እያሰብሽ ቆዪ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም እሰበስባለሁ።»

ለንሳ ብቻዋን ቀረች። የማኅተሙን መሳቢያ አየችው፤ መሳቢያውም ያያት መሰላት። ኅዳር 12 መቲ ሳንባ ምች ይዟት አቅፋት ወደ አምቦ ስትሮጥ፣ ቁልፉን መሳቢያው ላይ እንደተሰካ ትታው ሄዳለች። የተመለሰችው በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 14 ማታ ነው። ማኅተም ያለ ጠባቂ የተወ ከሥራ ይባረራል፤ ምናልባትም ይከሰሳል። ያኔ መቲን ማን ያሳድጋታል? ብትናገር ይህ ሁሉ ይመጣል። ደግሞም ገዳዩ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማታል። ዝም ብትል ግን እነዚያ አዛውንት እጃቸውን ታስረው መኪና ላይ ይወጣሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ለእሷ ሁለቱም በአንድ ቀን መጡባት።

በዘጠኝ ሰዓት አራቱም መዝገብ ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊስ ቆመ።

«ሞሲሳ ገደል ገብቶ አልሞተም» ብላ ጀመረች ጣቢታ። «የገደሉ አፈር ቀይ ነው፤ የሞሲሳ ጥፍር ሥር ያለው ግን ጥቁር ነው። ሹራቡ ላይ የዝግባ ቅጠል ተጣብቋል፤ ገደሉ ጋ ዝግባ የለም። ዛሬ በጠዋት ዝግባው ሥር ሄጄ ነበር። ተቆፍሮ በጥድፊያ የተደፈነ ጉድጓድ አለ፤ አጠገቡ ሣሩ ላይ ደም አለ። የተመታው እዚያ ነው። ከዚያ ተጎትቶ ገደሉ ውስጥ ተጣለ።»

«ለምን ቆፈረ?» አለ ጋሮማ።

«ይኸን ፍለጋ።» ከሰሉን ከፍ አድርጋ አሳየች። «እኔ የጉደር ልጅ ነኝ፤ የእኛም ሽማግሌዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። ወሰን ሲተከል አስቀድሞ ከሰል ይቀበራል፣ ድንጋዩ ከላዩ ይቆማል። ድንጋይ ይነቀላል፤ ከሰል ግን መቶ ዓመት አይበሰብስም። ‹ይህን ያወጣ ቤቱ ከሰል ይሁን› ተብሎ ይማላል። ከዚያ ወዲያ ስሙ አይነሣም። ተሳሳትኩ፣ ኦቦ ሆርዶፋ?»

«አልተሳሳትሽም» አሉ ሽማግሌው በቀስታ።

«ገዳዩ የሞሲሳን ማስታወሻ ደብተር ወስዷል። የቦታ መለኪያ ጂፒኤሱ ላይ የተመዘገበውን ሁሉ ደምስሷል። ጠንቃቃ ሰው ነው። ታዲያ ዋናውን ማስረጃ ለምን ኪሱ ውስጥ ተወው? ምን እንደሆነ ስላላወቀ ነው! ኦቦ ሆርዶፋ ቢሆኑ ወስደው ይቀብሩት ነበር። ኦቦ ኤቢሳም ያውቁታል፤ ሲተከል በገዛ እጅዎ ከሰል ጨምረዋል አይደል?»

«ጨምሬአለሁ» አለ ኤቢሳ፤ ፊቱን አልቦት ነበር።

«ሁለቱም ሲያዩት ደነገጡ። ለንሳም ፋይል ጣለች። አንድ ሰው ብቻ ሳቀ። ኦቦ ሆርዶፋ፣ ጋሮማ ድንጋዩ ሲተከል ነበር?»

«ከምሳ በኋላ ነው የደረሰው። ድንጋዩ ቆሟል፣ አፈሩ ተደልድሏል። ፈርሞ ሄደ።»

«ስለዚህ ድንጋዩ የት እንደተተከለ ያውቃል፤ ከሥሩ ምን እንደተተከለ ግን አያውቅም። የፈለግሁት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።»

ጋሮማ እግሩን አነባበረ። «ቆንጆ ተረት ነው። ግን ቅጹን ማን አተመው? ማኅተሙን ቆልፋ የምትይዘው ለንሳ ናት። ፊርማውን ደግሞ ‹የእኔ ይመስላል› እንዳለ ኦቦ ኤቢሳ ራሱ ነግሮኛል።» ወደ ለንሳ ዞሮ በዚያ በለመደችው ፈገግታ አያት። «አይደል፣ ለንሳ? መቲ እንዴት ሆነች?»

ያን ጊዜ ለንሳ ፍርሃት ምን እንደሚመስል አየች፤ ብርቱካን ይዞ ቤቷ የገባ ፈገግታ ነው። የልጇን ስም ከአፉ ስትሰማ ግን ውስጧ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ተነሣች።

«ቁልፉን ረስቼው ሄጃለሁ» አለች። «ኅዳር 12። ልጄ ታማ። እስከ 14 ማታ መሳቢያው ላይ ተሰክቶ ነበር። ማኅተሙ ከእጄ የወጣው በእነዚያ ሦስት ቀናት ብቻ ነው፤ ይህን ቅጽ እኔ አላተምኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እቀጣለሁ። ግን በእነዚያ ቀናት ኦቦ ኤቢሳ ነቀምቴ ነበር። ቢሮው ውስጥ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ፣ ጋሮማ።»

ጣቢታ ራሷን ነቀነቀች። «ቅጹ አምቦ የደረሰው ኅዳር 15 ነው። የቀረኝ ግማሽ ይኸው ነበር። በዝግባውና በገደሉ መካከል በዘመዶችህ ስም ያስመራኸውን ቦታ ዛሬ ከራስህ ፋይል ቆጥሬዋለሁ፤ ዘጠኝ ነው። ቆጠራው በውሸቱ ካርታ ቢካሄድ መሬቱ የከተማ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከዚያ ማን ይነጥቅህ ነበር?»

ጋሮማ መሐረቡ ላይ ያለውን ጥቁር ጉማጅ ትኩር ብሎ አየው።

«ከደብተሩ ጋር ነበር እኮ» አለ እንደሚቃዥ ሰው። «ይዤው ነበር። ከሰል ምን ያደርግልኛል ብዬ… መልሼ ኪሱ ከተትኩት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ኤቢሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

ጣቢታ ከሰሉን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጋ ለሁለት ሰበረችው። «ይሄ ለፍርድ ቤት። ያኛው ለአፈሩ» አለች። ከዚያ አዲስ ቅጽ ከመደርደሪያው ሳበችና ለንሳ ፊት አኖረችው። «ስለ ቁልፉ መጻፌ አይቀርም፤ መዋሸት አልችልልሽም። እስኪያባርሩሽ ድረስ ግን ማኅተሙ የአንቺ ነው። የሞሲሳን ሥራ ጨርሺለት።»

ለንሳ «የወሰን ምልክት» በሚለው መስመር ላይ «ትልቁ ዝግባ» ብላ ጻፈች፤ ኤቢሳ ይህኛውን ግን አንብቦ ፈረመ፤ እሷም አተመች። ቁልፉን ነቅላ አንገቷ ላይ አሰረችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአጎቷ ጋር ዝግባው ጋ ደረሱ። ሽማግሌው ጎንበስ ማለት አቅቷቸው ጉድጓዱን የከፈተችው እሷ ናት። ከሰሉን መልሳ አፈር አለበሰችው። ቀና ስትል ጣቶቿ እንደ ሞሲሳ ጣቶች ጠቁረዋል። የት እንዳስቀመጠችው ያልታወቃት እንባዋ ያኔ ዱብ ዱብ አለ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ለራሷ ስትፈራ ቆይታ፣ ለእሱ ስታለቅስ ገና መጀመሪያዋ ነበር።