ስምንተኛው ወር

በፈረንጆቹ 2003 ሬሕማ በስደት አገር፣ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቀኑን ሙሉ ካፉሪ ሰፈር በሰው ቤት ስታጥብና ስትጠርግ ትውል ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሌላ ሥራ ነበራት። የተለያዩ አገሮች በጋራ የሚረዱት የሳንባ ነቀርሳ ፕሮጀክት አማርኛ ተናጋሪ አስተማሪ ሲፈልግ እሷን አሠልጥኗት ነበርና፣ የሰፈሩ ሕሙማን በየማለዳው ደጇ እየመጡ ክኒናቸውን ፊቷ ይውጣሉ።

ዛኪርም የመጣው እንደዚያ ነው። ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ዕቃ የሚሸከም፣ እንደሷ የወሎ ልጅ። መጀመሪያ ሰሞን ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚቆመው። በሦስተኛው ወር ሳቁ ተመለሰ።

«አንቺ ዶክቶራ፣ ዋጥኩት። አፌንም ልክፈት?»

«ክፈት እንጂ፤ አንተን ማን ያምናል?»

ይስቃሉ። አውቶቡስ እንደሚያመልጣት እያወቀች ብርጭቆውን ለመቀበል አትቸኩልም፤ እሱም ለመስጠት አይቸኩልም።

በአምስተኛው ወር ለጋሾቹ ውሉን ሳያድሱ ቀሩ ተባለ። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የቀረው መድኃኒት፣ በጀመሩት ሕሙማን ስም ተለይቶ የተቀመጠው ብቻ ሆነ። በዚያው ሳምንት የዛኪር ጎረቤት ዘሊካ፣ ገበያ ዳር ሻይ የምትሸጠው፣ ደም ማሳል ጀመረች።

«የኔን ስጫት» አለ ዛኪር። «እኔ ድኛለሁ።»

«አልዳንክም፤ ስለተሻለህ ነው የዳንክ የሚመስልህ። አሁን ብታቋርጥ ተመልሶ ይነሣብሃል፤ ያኔ ይህ ክኒን ላያሸንፈው ይችላል። ያንተ ትራፊም እሷን አያድናትም። ሁለታችሁንም ነው የማጣው።»

«ወላሂ፣ ልብ የለሽም ሬሕማ።»

ሬሕማ ግን ከእመቤቷ ፈቃድ እየለመነች ዘሊካን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች። «ኢንሻአላህ ሐሙስ» ይሏታል፤ ሐሙስ ሲደርስ «ኢንሻአላህ እሑድ»። ዘሊካ በሃያኛው ቀን ሞተች። ውሉ ታድሶ መድኃኒቱ የገባው ከቀብሯ ዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዛኪር ይመጣል፣ ይውጣል፣ ይሄዳል። ሬሕማም አዳዲሶቹን ሕሙማን አስተምራ፣ ካፉሪ ውላ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ትወድቃለች። ከድካሙ ሁሉ በላይ ግን ያ «ልብ የለሽም» ማለቱ ነበር የከበዳት።

በስምንተኛው ወር መጨረሻ ዛኪር የመጨረሻውን ክኒን ዋጠና ብርጭቆውን እንደያዘ ቆመ።

«ትናንት አክታዬን መርምረው ነፃ ነህ አሉኝ» አለ። «ያን ቀን ለዘሊካ ብሰጣት ኖሮስ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። አንቺ ያልሽኝን ነው የነገረኝ።»

«አውቀው ነበር። ማወቄ ግን አላቀለለልኝም።»

«በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

ለዘሊካ ያላነባችውን ያን ጊዜ አነባች። ዛኪር ሊያባብላት አልሞከረም፤ ደጃፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። አውቶቡሷ አለፈ።

«ደክሞኛል ዛኪር።»

«አያለሁ። ነገም እመጣለሁ።»

«ክኒንህ አልቋል እኮ!»

«ላግዝሽ ነዋ። አዲሶቹ እኔን ሲያዩ መዳን እንዳለ ያምናሉ።» አንገቱን ደፋ። «ደግሞ ሽማግሌ የምልክበት አባት እዚህ የለሽም። ራስሽን ልጠይቅ?»

ሬሕማ ዕንባዋን በሻርፗ ጠረገች።

«ዛሬ አቅም የለኝም። ዓርብ ጠይቀኝ፤ ዓርብ ሥራ አልገባም።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሶ መጣ። በሩ ገርበብ ብሎ፣ ሬሕማ ከባድ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አልቀሰቀሳትም። እስክትነቃ ድረስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።